በረኛው የተነሣበት ደጅ

በትንሣኤ ሌሊት፣ ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝበ ክርስቲያኑ ጧፉን እንደ ያዘ ወደየቤቱ በተመለሰበት ሰዓት፣ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በእኅቴ ቤት ለመፈሰክ ተሰብስበን ነበር። የእኅቴ ልጅ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ሰባት ወር ሆኗታል። የዶሮው ወጥ ቀርቦ፣ ድፎ ዳቦው ተባርኮ ተቆርሶ፣ ጠጁ በብርሌ ከተቀዳ በኋላ ታላቂቱ አክስቷ እንደ አገራችን ደንብ እጇን ሞልታ አጎረሰቻት፤ ልጅቱ «ይበቃኛል አክስቴ» ብትልም «አፈር ስሆን! አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ደገመችላት፤ ከዚያም ማር የተቀባ ዳቦና አንድ ብርሌ ጠጅ ተከተለ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ፊቷ በላብ ተጠመቀ፤ የልቧ አመታት በአንገቷ ሥር ይታይ ነበር፤ ሆዷን ይዛ ተነሣችና መኝታ ቤት ገብታ ተጋደመች። አክስቷ «ዐይን ነው፣ ሰው በላት» ብላ ጤና አዳም ፍለጋ ወጣች። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ የቡናው ቶና ሲቀዳ፣ ልጅቱ ተሽሏት ወጥታ ሲኒ ላቀብል ስትል እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አንደበቷ ተሳሰረ፤ ዐይኗም ፈዘዘ፤ ይህን ጊዜ ደግሞ «ጠጁ ነው» ተባለ። ሁለቱ ሕማማት ግን ከአንድ ማዕድ የተወለዱ፣ ሐኪሞች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚያውቋቸው፣ እያንዳንዳቸውም ስምና ምክንያት ያላቸው ነበሩ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ያነበብሁትንና ከሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን አሰባስቤ ነገሩን በምልዓት ለመመልከት የተነሣሁት፣ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ሰው ሆድ ውስጥ ምግብ የሚያስነሣው ሁከት አካል አዲስ በተሠራለት ሥርዓት መሠረት የሚሰጠው መልስ መሆኑን፣ መልሱም ሊነበብና ሊታረም የሚችል መሆኑን ስለማምን ነው። ከሕማሙ ይልቅ ልጅቱን ያሳፈራት፣ ዘመዶቿ በሹክሹክታ ያወሩት የሆዳምነት ወሬ እንደ ነበረ ኋላ ስትነግረኝ፣ ይህን መጻፍ ግዴታ መስሎ ታየኝ።

በተፈጥሮ ሥርዓት ጨጓራ ጎተራም ወፍጮም ነው። የአዋቂ ሰው ጨጓራ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ያህል ይይዛል፤ የገባውንም በአሲድና በጡንቻ ኀይል አላቁጦ እንደ ቀጭን አጥሚት ካደረገው በኋላ ጥቂት በጥቂት ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀዋል። በመውጫው ላይ ያለው የጡንቻ ቀለበት ፓይሎረስ ይባላል፤ ይህም ቃል በጽርዕ ልሳን በረኛ፣ በእኛ ሊቃውንት አነጋገር ዐጻዌ ኆኅት ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት የጥንት ሰዎች ግብሩን አስተውለው ነበር፤ ይህ በረኛ ጠጣሩን እስኪልም ከልክሎ፣ ቅባቱን አዘግይቶ፣ ጣፋጩን መጥኖ ካላሳለፈ በቀር አንጀት ያልተዘጋጀበትን ጭነት በአንድ ጊዜ ይቀበላልና። እንግዲህ ስለዚህ ሕማም የሚነገረው ታሪክ ሁሉ በረኛው ከደጁ ሲነሣ፣ ወይም በረኛው እያለ ቤቱ ሲጠብብ ምን እንደሚሆን የሚነገር ታሪክ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ውፍረት ገና የቀዶ ሐኪም ጉዳይ ሳይሆን ነው። ቴዎዶር ቢልሮት በቪየና ከተማ በ1881 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በካንሰር የተያዘን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ በማውጣት በሽተኛዪቱን ከቀዶው ያተረፈ የመጀመሪያው ሐኪም ሆነ፤ ከዚያም በኋላ ለካንሰርና ለጨጓራ ቁስል ጨጓራን መቁረጥና ከአንጀት ጋር በአዲስ መንገድ ማገናኘት እየተለመደ ሄደ። ከቁስላቸው የዳኑት ሰዎች ግን ምግብ በቀመሱ ቍጥር የሚይዛቸው እንግዳ ሕማም ተከተላቸው። በ1913 አርተር ኸርትዝ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም የጨጓራው ፈጥኖ መራገፍ ከዚህ ሕማም ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ፤ በ1922 ደግሞ ቻርልስ ሚክስ የተባለ አሜሪካዊ «ዳምፒንግ» የሚለውን ቃል ለዚሁ ነገር ተጠቀመበት። ቃሉ በአማርኛ ጭነትን በአንድ ጊዜ ገልብጦ እንደ ማራገፍ ያለ ነው፤ ዛሬም የእኛ አገር ሐኪሞች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ዳምፒንግ ይሉታል። የቁስል መድኃኒት ተገኝቶ ያ ሁሉ የጨጓራ መቁረጥ ሲቀንስ ሕማሙም ወደ መረሳት ተቃርቦ ነበር፤ የመለሰው ውፍረትን ለማከም የተፈጠረው ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው።

የዚህኛውም አጀማመር ከቁስሉ ሕክምና ጋር የተሳሰረ ነው። በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤድዋርድ ሜሰን፣ በቁስል ምክንያት የጨጓራቸው ክፍል የተቆረጠ ሴቶች ከቀዶው በኋላ ለመወፈር እንደሚቸገሩ አስተውሎ፣ ከባልደረባው ከቺካሺ ኢቶ ጋር በ1966 «ባይፓስ» የሚባለውን ቀዶ ጀመረ። ከእርሱ በፊት ከ1954 ጀምሮ ጨጓራውን ሳይነኩ አብዛኛውን ትንሽ አንጀት ከምግብ መንገድ የሚያወጡበት ሌላ ዘዴ ነበር፤ እርሱ ክብደትን በእርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የኩላሊት ጠጠርና የጉበት ውድቀት ስላመጣ ተተወ። በባይፓስ ከጨጓራው ጫፍ ወደ 30 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚያህል ከረጢት ተለይቶ ይቀራል፤ እርሱም የስዊዙ ሐኪም ሴዛር ሩ ባስተማረው መንገድ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይሰፋል፤ ቀሪው ጨጓራና በረኛው ከምግብ ጎዳና ውጭ ሆነው ይቀመጣሉ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው «ስሊቭ» ማለትም እጅጌ የተባለው ነው፤ በዚህ ከጨጓራው 80 ከመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሸሚዝ እጅጌ የጠበበ ቱቦ ይሆናል። በስሊቭ በረኛው በቦታው አለ፤ ነገር ግን ጠባቡ ቱቦ ምግቡን በኀይል ስለሚገፋው በዚህኛውም ቢሆን ዳምፒንግ ይመጣል፤ በባይፓስ ግን ይበረታል።

በዚያ የትንሣኤ ሌሊት መጀመሪያ የመጣው ቀዳሚው ዳምፒንግ ነው። ማር፣ ጠጅና ልም ዳቦ ሳይመጠኑ ወደ አንጀት ሲወርዱ፣ በስኳር የወፈረው ፈሳሽ ከደም ሥሮች ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ አንጀቱ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ይቈርጣል፤ ከደም ውሃ በጐደለ መጠን ልብ ይፈጥናል፤ አንጀት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖችም የደም ሥሮችን ዘርግተው ፊትን ያቀላሉ፣ ላብም ያመጣሉ። ይህ ሁሉ ከበሉ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይሆናል፤ በሽተኛውንም ከምንም በላይ የሚያስመኘው መጋደም ነው። ልጅቱ ማንም ሳያስተምራት ወደ አልጋ መሄዷ የአካሏ ጥበብ ነበር፤ የተኛ ሰው ሆድ ከቆመ ሰው ሆድ ይልቅ ቀስ ብሎ ይራገፋልና።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የመጣው ደግሞ ደኃራዊው ነው፤ የበለጠ መታወቅ የሚገባውም ይኸኛው ነው እላለሁ፤ በሌላ ነገር እየተተረጐመ ሰውን ለአደጋ ያጋልጣልና። ስኳሩ በአንድ ጊዜ ወደ ደም በገባ ጊዜ አንጀቱ ለቆሽት ትእዛዝ ይልካል፤ ቆሽትም ኢንሱሊንን ከመጠን በላይ ያፈሳል፤ ስኳሩ ከደም ተጠርጎ ካለቀ በኋላ እንኳ ኢንሱሊኑ ሥራውን አያቆምም። ስለዚህ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የደም ስኳር ወደ ታች ይወርዳል፤ መንቀጥቀጥ፣ ብርድ ላብ፣ ድንገተኛ ረኃብ፣ የሕሊና መደንገዝ፣ ሲብስም ራስን መሳት ይመጣል። በመኪና መሪ ላይ ወይም በእሳት ዳር ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2005 የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ባይፓስ ካደረጉ በኋላ በዚህ ዓይነት ክፉኛ የታመሙ ስድስት ሰዎችን ሁኔታ ጽፈው ካሳተሙ ወዲህ ነገሩ በዓለም ሐኪሞች ዘንድ ብዙ ክርክርና ጥናት አስነሥቷል። ስኳሩ የወደቀበትን ሰው በስኳር ማንሣት ለጊዜው የግድ ነው፤ ነገር ግን ስኳሩን ብቻ ከሰጡት ሌላ ውድቀት ስለሚከተል፣ ሲረጋጋ ፕሮቲን ያለው ነገር ማስከተል ይገባል።

ዳምፒንግ ጠቃሚ ተግሣጽ ነው፣ በሽተኛውን ከጣፋጭ ያርቀዋል የሚል አሳብ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ ዛሬም ይህን የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ጥናቶቹ ዳምፒንግ የሚጸናበት ሰው ከማይጸናበት ይልቅ አብልጦ እንደሚከሳ አላረጋገጡም፤ ይልቁንም ሕማሙ የጸናበት ሰው ምግብን መፍራት ይጀምራል፤ አንዳንዱም ሥጋውንና እንቁላሉን ትቶ ሳይጐረብጠው ወደሚወርድ ለስላሳ ነገር፣ ወደ ብስኩትና ወደ አይስክሬም ይሸሻል፤ እነርሱ ደግሞ ሕማሙን ያባብሱታል። ምን ያህል ሰው እንደሚያገኘው የሚሰጠው ቍጥር እንደ ቆጣሪው መለኪያ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እስከ 40 ከመቶ የሚለው ሲሆን፣ ከእነዚህ ኑሯቸው የሚታወክባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ለማረጋገጥ ሲያስፈልግ ሐኪሙ ግሉኮስ አጠጥቶ የልብን ፍጥነትና የደምን ስኳር በየጊዜው ይለካል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልቡ በደቂቃ ከ10 በላይ ጨምሮ ከመታ ቀዳሚው ዳምፒንግ ተመሰከረ ማለት ነው።

ከዳምፒንግ ሌላ የምግብ መታገት አለ፤ ይህ የጉርሻ ጉዳይ ስለሆነ ለእኛ ቅርብ ነው። ሁለት ማንኪያ የሚይዘው ከረጢት አንዲት ታላቅ ጉርሻ ስትገባበት ሞልቶ ያድራል፤ መውጫውም ጠባብ ነው። ያልተላመጠ ሥጋ፣ እንደ ሊጥ የሚድቦለቦል ልም ዳቦ፣ ደረቅ ሩዝና ማካሮኒ ከደረት በታች ተቀርቅረው ይቀራሉ፤ ሰውዬው ከደረቱ መካከል ጭንቀት ይሰማዋል፣ ምራቁ እንደ አረፋ ይመጣል፣ እስኪያስመልሰውም አያርፍም። በጥሬ ቁርጥ ሥጋ የሚመጣው ጭንቀት ከዚህ የከፋ ነው፤ እርሱን አድቅቆ ለመላመጥ ጤነኛ ጥርስም ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም፤ ነገር ግን ፍቅሩ በእጅ ሙላት የሚለካ ሆኖ ከቀረ ለዚህ በሽተኛ ጭንቅ ይሆንበታል። እምቢ ቢል የሚያስከፋቸው፣ እሺ ቢል የሚያስመልሰው በሁለት ወገን የተያዘ ሰው መሆኑን የቤቱ ሰዎች ሊያውቁለት ይገባል።

በስሊቭ ዋነኛው ችግር ቃር ነው። በጠባቡ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት አሲዱን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ የበርበሬው ወጥ ሲጨመርበት ሌሊቱን ቁጭ ብለው የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ። ወተትም ቀድሞ ይስማማው ለነበረ ሰው እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ የወተት ስኳር ፈጥኖ ወደ አንጀት ሲደርስ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ እርጎና አይብ ግን ለብዙዎች ይቀልላቸዋል፤ አይብ ለስላሳና ፕሮቲን የበዛበት ስለሆነ ከአገራችን መብል ሁሉ ለዚህ በሽተኛ የተመቸ ነው ብል አልተሳሳትሁም። ቅባት በዝቶ ከበሉ በኋላ በቀኝ ጎን የሚነሣ ሕመም ግን የሐሞት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል ከዳምፒንግ ጋር ሊምታታ አይገባም፤ ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ጠጠር ይፈጠራልና። መከላከያ መድኃኒት ካልወሰዱ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ጠጠር እንደሚያበጁ የታወቀ ስለሆነ፣ ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የተባለውን መድኃኒት ብዙ ሐኪሞች ለዚሁ ጊዜ ያዝዛሉ።

ስለ መጠጥ ብዙ ማብራራት አያሻም። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖና በርትቶ ነው፤ አንድ ብርሌ ጠጅ የሁለት ሥራ ይሠራል፤ ጠጅ ደግሞ ማር ስለሆነ ከዳምፒንጉ ጋር ይተባበራል።

የጾም ነገር ግን ሰፋ ብሎ መታየት አለበት። የቤተ ክርስቲያናችን ጾም ለምእመናን በዓመት እስከ 180፣ ለካህናትና ለጽኑዓን እስከ 250 ቀናት ይደርሳል። ቀዶ ሕክምናው ለተደረገለት ሰው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይታዘዛል፤ ይህን በሁለት ማንኪያ ከረጢት ከሽሮና ከምስር ብቻ መሙላት ከባድ ነው። ከዚህም በላይ ቪታሚን ቢ12 በእንስሳት መብል እንጂ በእህል ውስጥ አይገኝም፤ በባይፓስ ደግሞ ለመመጠጥ የሚረዳው የጨጓራ ክፍል ከመንገድ ስለወጣ፣ ጾሙና ቀዶው ተባብረው ሰውየውን ቀስ በቀስ ወደ ደም ማነስና ወደ ነርቭ ጉዳት ሊያወርዱት ይችላሉ። ፍትሐ ነገሥት ጾምን በሚደነግግበት አንቀጽ ለድውያን ያደረገውን ርኅራኄ ስለምናውቅ፣ ይህ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ እንዲጾም እንጂ ጾሙን ከሐኪሙ እንዲደብቅ የሚያዝዘው የለም። የሚያሳዝነው ብዙዎች ለሐኪማቸው ጾመኛ መሆናቸውን አለመናገራቸው ነው፤ ሐኪሙም በባዕድ አገር ካደገ አይጠይቃቸውም።

በእስላም ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ ጉዳዩ በረመዳን ይነሣል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው በመግሪብ ሰዓት በተምርና በጣፋጭ ጭማቂ ሲያፈጥር፣ ከላይ የተነገረው ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደርስበታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ይልቁንም በኩዌትና በሳዑዲ ዓረቢያ፣ ይህ ቀዶ ሕክምና እጅግ የተለመደ ስለሆነ፣ በእነዚያ ቤቶች ምግብ የሚያበስሉት እኅቶቻችን የእመቤታቸውን ሰሐን ከሌላው ለይተው ሲያቀርቡ ነገሩን በተግባር ተምረውታል። እኔ እንዲህ ካለችው አንዲት ሴት፣ በአንዲት የሻይ ማንኪያ መብላትንና በሰዓት ውሃ መጠጣትን ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ በጥራት ሲነገር ሰማሁ።

ሕክምናው የሚጀምረው ከማዕድ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ መብላት ቀርቶ በትንሽ በትንሹ ስድስት ጊዜ መብላት፤ ከሰሐኑ አስቀድሞ እንቁላሉን፣ ዓሣውን ወይም ምስሩን አንሥቶ እንጀራውን ማስከተል፤ እያንዳንዱን ጉርሻ እስኪልም ማላመጥ፤ ከምግብ ጋር አለመጠጣት፣ ውሃውንም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማድረግ፤ ስኳር፣ ማርና ለስላሳ መጠጥን መራቅ፤ ይህን በትክክል የጠበቀ ብዙው ሰው ሌላ መድኃኒት ሳያሻው ይድናል። ያልዳነውን ምግቡን የሚያወፍር የተክል ሙጫ፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚያዘገየው አካርቦዝ የተባለ እንክብል፣ ሕማሙ ሲጸናም ኦክትሬኦታይድ የተባለ መርፌ ይረዳዋል፤ ቀዶውን እንደገና ማስተካከል የመጨረሻው መንገድ ነው። ከቀዶው በኋላ የሚታዘዘው የብረት እንክብል ከቡናና ከሻይ ጋር ከተዋጠ ሥራው መቀነሱ ለእኛ ቤት ልዩ ማስጠንቀቂያ ነው። ግን ሁሉንም በአመጋገብ እናርመዋለን ማለት አይቻልም። ማስመለስ ለቀናት የማያባራ ከሆነ ቪታሚን ቢ1 ያልቅና የዐይን መዋለል፣ የእግር መንገዳገድና የሕሊና መታወክ ሊከተል ስለሚችል ያለ መዘግየት ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል፤ ከባይፓስ በኋላ ዓመታት አልፈው እንኳ ድንገት የሚነሣ ጽኑ ቁርጠት አንጀት ተጠማዞ ወይም በውስጥ ታግቶ ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ መታየት አለበት። በእነዚህ ጊዜያት ጤና አዳም መፈለግ ጊዜን ማጥፋት ነው።

በማግሥቱ ዓመት ትንሣኤ ያው ቤት፣ ያው ማዕድ ነበረ። አክስቷ ከዶሮው እንቁላሉን ከፍላ በአውራ ጣቷ ልክ የሆነች ጉርሻ ሠርታ ሰጠቻት፤ ሁለተኛዋን ደግሞ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ልጅቱ የመጀመሪያዋን ላምጣ መዋጧን ጠይቃ አስከተለች። ጠጁ ወደ ልጅቱ አልዞረም። ቡናው ሲፈላ ልጅቱ እንደ ልማዷ ሲኒዋን በእጇ ከደነችና «ስኳሩን ተዉት» አለች፤ አክስቷም ስኳሩን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ በልጅነቷ በወሎ ገጠር ቡና የሚጠጣው በጨው እንደ ነበረ እያወራች ጨው በቁንጢት ይዛ ተመለሰች፣ ከአቦሉም ቀድታ ሰጠቻት። የብረት እንክብሉን ሰዓት ልጅቱ በስልኳ ወደ ሌሊቱ አሸጋገረችውና ሲኒውን ተቀበለች።